ሕግና ቴክኖሎጂ ልማር ብዬ ነበር፣ ኮድ ግን አልችልም

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። በሕግ ከተመረቅኩ ዓመት ሆነኝ፤ አሁን አንድ ጠበቃ ቢሮ እሠራለሁ። ማስተርሴን በሕግና ቴክኖሎጂ መማር እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሕግ ነው? ታክስ ብትማሪ አይሻልም?» ይሉኛል። እኔም ከኮምፒውተር ጋር ያለኝ ትውውቅ ከጽሑፍ ሥራ አያልፍም። ኮድ መጻፍ ሳልችል ይሆንልኛል? ስኮላርሺፕስ ይገኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮዱን ተይው። መረጃ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ ሲሰረዝ ምን ዱካ እንደሚተው ማወቅ ግን ግድ ነው። እሱ ደግሞ ቁጭ ብለው ካነበቡት ይገባል።

ለቤተሰቦችሽ ይህን ንገሪልኝ። በቅርቡ እዚያው ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ አንዲት ጨርቅ ሻጭ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ብር ገብቶልሻል የሚል መልእክት ነው። የብሩ መጠን፣ ሰዓቱ፣ የግብይት ቁጥሩ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል፤ መልእክቱን የላከው ማን እንደሆነ ስታዪው ግን የባንክ ስም ሳይሆን ተራ የሞባይል ቁጥር ነው። ገዢው ልጅ ጨርቁን ይዞ ሄዷል፣ ሒሳቧ ውስጥ የገባ ነገር የለም። «አቦ፣ ማንን ልክሰስ?» አለችኝ። እስቲ አስቢው፤ ያ መልእክት ፍርድ ቤት ቢቀርብ እንዴት ይመዘናል፣ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣስ ማን ጠይቆ ያወጣል፣ የጠፋው ብርስ ከማን ኪስ ይመለሳል? ትምህርቱ ይሄ ነው።

ሕጉም ቢሆን የለም አይባልም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አሉ። እነዚህን አራቱን ከማመልከትሽ በፊት ከዳር እስከ ዳር አንብቢያቸው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግም አትርሺ። ውልና ኃላፊነት ላይ ያልጠነከረ ሰው፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢያወራ ወሬ ብቻ ይሆንበታል፤ ይሄን ከልቤ ነው የምልሽ።

ውጭ ካሰብሽ፣ ኔዘርላንድስ የሚገኘው ቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ስም የአንድ ዓመት ማስተርስ አለው። የኦስሎው ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ግን ኖርዌይ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣን ተማሪ ታስከፍላለች፣ ድሮ ነጻ ነው ያሉሽን ይዘሽ እንዳትሸወጂ። ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ስትጨርሺም ለሁለት ዓመት አገርሽ መመለስ አለብሽ። አብዛኛውን ጊዜ ነሐሴ ላይ ተከፍቶ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል። ስለዚህ ለዚህኛው ዘንድሮ አትሯሯጪ፤ ልምዱን ሙዪ፣ እንግሊዝኛሽንም አዘጋጂ።

ማመልከቻሽ ላይ «ቴክኖሎጂ ዓለምን እየቀየረ ነው» ብለሽ አትጀምሪ፣ ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው። የዚያችን ጨርቅ ሻጭ ዓይነት ጉዳይ ቢሯችሁ ሲመጣ ጠበቃውን ለምነሽ ፋይሉን አንቺ ያዢው። የት ላይ እንደተቸገርሽ፣ የትኛው አንቀጽ አልበቃ እንዳለሽ በደብተርሽ ጻፊ። ማመልከቻሽን ከዚያ ገጽ ጀምሪው።