ሙዜ አንዴ አፍርቶ ቆመ

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ያለው ሙዝ ዘለላውን ከቆረጥኩለት ወዲህ ዝም ብሎ ቆሟል፤ ዙሪያውን ሰባት ቡቃያ ከቦታል። ለጌጥ የተከልኳት ትንሿ ደግሞ ሮዝ ፍሬ ያዘች። ይበላል?

መልስ፦ እሱን አይጠብቁት፣ አንድ ግንድ የሚያፈራው አንዴ ብቻ ነው። ግንድ እንለዋለን እንጂ እንጨትም አይደለም፣ እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ስለሆነ በቢላ ይቆረጣል፤ ቆራርጠው እዚያው ሥሩ ላይ ይበትኑት፣ እርጥበት ይይዝልዎታል። ከቡቃያዎቹ ቅጠላቸው እንደ ጎራዴ የቀጠኑትን አንድ ሁለት ያስቀሩ። ሰፋፊ ቅጠል ያወጡት ለዓይን ያምራሉ፣ ግን ደካሞች ናቸው፤ ጨክነው ይንቀሏቸው። ሮዟ ስትበስል ልጣጯ በራሱ ከተገለጠ ቬሉቲና የሚሏት ዝርያ ናት። ትጣፍጣለች፣ ትበላለች። ብቻ ውስጧ እንደ ድንጋይ በጠነከረ ጥቁር ዘር የተሞላ ነውና ለጥርስዎ ይዘኑ!