ሟች አይከስም ያለህ ማን ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ሞባይል ጥገና ነው የምሠራው። በትርፍ ጊዜዬ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ቀልድ እለጥፋለሁ። በቅርቡ አንድ ታዋቂ ድምፃዊ በድንገት ሲሞት ሁሉም ሰው እየቀለደ ስለነበር እኔም ፎቶውን አቀናብሬ አንድ ቀልድ ለጠፍኩ። ስለ ሞቱ ምክንያትም ትንሽ ነገር ነካ አድርጌ ነበር። ብዙ ሰው ሳቀ፣ ብዙ ሰውም ሰደበኝ። አሁን የቤተሰቡ ጠበቃ ማስጠንቀቂያ ልኮልኛል፤ ፎቶውን አያይዣለሁ። ፖስቱን አጥፍቼዋለሁ። የሞተ ሰው ስም አጠፋህ ተብሎ መከሰስ አለ እንዴ? አንድ የዩቲዩብ ቻናል ደግሞ ቀርበህ አስረዳ ብሎኛል። ልሂድ?»

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ማስጠንቀቂያ ደረሰህ ማለት ተከሰስክ ማለት አይደለም። ቤተሰቡ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሳይሄድ መጀመሪያ ደብዳቤ መላኩ ለአንተ መልካም ነው። የመነጋገሪያ በር አልተዘጋም ማለት ነው።

ነገር ግን ሙሉውን አልነገርከኝም። የላክልኝ የደብዳቤው የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ነው። ገጹ የሚያልቀው «በተጨማሪም የደንበኛዬን» የሚለው ላይ ነው። ቀጣዩ ገጽ የት ሄደ? ደንበኛዬ የተባለችው ደግሞ የሟቹ ባለቤት መሆኗ ከላይ በግልጽ ተጽፏል። የቀልዱንም ጽሑፍ አላያያዝክልኝም። ፎቶውን «አቀናብሬ» አልክ፤ እንዴት እንዳቀናበርከው ግን ዝም ብለህ አለፍከው። «ትንሽ ነገር ነካ አድርጌ ነበር» የሚል ደንበኛ ሲመጣ እኔ ሌላውን ወሬ ትቼ መጀመሪያ የምጠይቀው ያችን ትንሽ ነገር ነው።

እንግዲህ ልገምት። ሰውየው በድንገት ሞተ። ሕዝቡ «ምን ሆኖ ነው?» እያለ ነበር። አንተ ደግሞ ሚስቱ ያቀረበችለትን በልቶ ነው፣ ወይም ሐኪሙ ነው የጨረሰው የሚል ዓይነት ነገር ጻፍክ። ካልሆነ ደስ ይለኛል። ከሆነ ግን ጉዳይህ የሟች ጉዳይ አይደለም።

የጠየቅከውን በአጭሩ ልመልስ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2044 ስም ማጥፋትን ሲደነግግ የሚጠብቀው በሕይወት ያለ ሰውን ነው። በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ አንድን ሕያው ሰው የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ የሚያደርግና ስሙን አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ተጠያቂ ነው ይላል። ስለዚህ ስለ ሟቹ ራሱ፣ ስለ ዘፈኑና ስለ አለባበሱ ብቻ ተቀልዶ ከሆነ በዚህ አንቀጽ መክሰስ ይከብዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያረጋግጣል። እዚያው ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ግን የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ነፃነቱ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ተጽፏል። ቀልደኞች ሁሉ የመጀመሪያውን ይጠቅሳሉ፣ ሁለተኛውን አያነቡትም።

አሁን ሰው ሁሉ እየተደናቀፈ ወደሚወድቅበት ጉድጓድ እንምጣ። «ሟች አይከስም» የሚለው አባባል ልክ ነው። ችግሩ ሟች ብቻውን አለመሞቱ ነው። ሚስት አለችው። ልጆች አሉት። ያከመው ሐኪም አለ፣ አብሮት ያመሸ ጓደኛ አለ፣ ውርስ የሚጠብቁ ወንድሞች አሉ። ስለ ታዋቂ ሰው ሞት የሚነገር ጨለማ ቀልድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀው «እንዴት ሞተ?» በሚለው ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ያ ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ይጠቁማል። አንተ ስለ ሟች የቀለድክ ይመስልሃል። አንባቢው ግን ቀልዱን ጨርሶ የሚያስበው ስለ ሚስቱ ነው።

ስሟን ካልጠራሁ ምን አገባኝ እንዳትል። ታዋቂ ሰው አንድ ሚስት ነው ያለችው፤ «ሚስቱ» ካልክ ጠርተሃታል። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል። «ቀልድ ነበር፣ ልጎዳት አስቤ አይደለም» የሚለውም ብዙ አያስኬድህም። አንቀጽ 2045 ስም ማጥፋት ለመጉዳት ሳይታሰብም ሊፈጸም እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 2047 የተባለው እውነት ከሆነ መከላከያ ይሰጣል። ግን እውነት መሆኑን የምታረጋግጠው አንተ ነህ። በሰው ሞት ላይ እጇ አለበት የሚለውን በምን ታረጋግጣለህ? በኮሜንት?

ሌላው ልጅ ጽፎት እኔ ሼር ብቻ አደረግኩ የሚሉም አሉ። በአንተ ገጽ ያነበበው ሰው የሚያውቀው አንተን ነው። ያሰራጨ ሰውም ይጠየቃል። «ሁሉም ሰው እየቀለደ ነበር» ያልከውም ለፍርድ ቤት መልስ አይሆንም። ደብዳቤው የመጣው ለሁሉም ሰው ሳይሆን ለአንተ ነው።

ይኼ ነገር ከሕጉም በላይ ያመኛል፣ ስለዚህ ልናገረው። በወሎ ለቅሶ ቤት ሳቅ የለም የሚል ሰው ለቅሶ ተቀምጦ አያውቅም። በሁለተኛው ቀን፣ ቅሬው (የሰፈሩ ዕድር) ድንኳኑን ተክሎ ሰዉ ተደርድሮ ሲቀመጥ፣ የሟቹን ጉድ የሚያወራ አንድ ሰው አይጠፋም። ሼኩም ቄሱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይስቃሉ። ሚስቱም ከነጠላዋ ሥር ፈገግ ትላለች። ያ ሰው ግን ሟቹን ያውቀዋል፣ ቃሬዛ ተሸክሟል፣ ሲናገርም ፊቷን እያየ ነው። አንድ ቃል ከሳተ አንድ ሽማግሌ ጉልበቱን ነካ አድርገው ዝም ያሰኙታል። ስልክህ ላይ ጉልበትህን የሚነካ ሰው አልነበረም። ያች ሴት ሐዘን ላይ ተቀምጣ ሰው ስልክ አምጥቶ «ይኼን አየሽ?» ብሎ አሳይቷታል። ደብዳቤውን ያስጻፋት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሕጉ ልመለስ። ጉዳዩ በኢንተርኔት ስለሆነ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 3 የሌላን ሰው ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ምስል፣ ድምፅ ወይም ቪዲዮ በኮምፒውተር ሥርዓት ያሰራጨን ሰው ከ3 ዓመት ባልበለጠ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 ብር ባልበለጠ መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ስልክህም በዚህ ሕግ ኮምፒውተር ነው። ይህ ወንጀል የሚያስከስሰው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። አቤቱታ የሚቀርበው ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 መሠረት ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀች ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። ስለዚህ አሁን ያለህበት ጊዜ ውድ ነው። በዝምታ ካሳለፍከው እሷም ጊዜው ሳያልፍባት ብላ ወደ ፖሊስ መሄዷ አይቀርም።

የፍትሐ ብሔሩ ክስ ግን 2 ዓመት ጊዜ አለው። እዚህ ላይ አንድ የሻይ ቤት ወሬ ልከልክልህ። «የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። አዎ፣ አንቀጽ 2116 እንዲህ ያለ ጣሪያ አስቀምጧል። ያ ጣሪያ ግን ለሞራል ጉዳት ብቻ ነው። ሐኪሙ በአንተ ቀልድ ምክንያት በሽተኛ ቀረብኝ ብሎ ካስረዳ የሚጠይቅህ የቀረበትን ገቢ ነው፤ ለዚያ 1,000 ብር የሚል ጣሪያ የለም።

ፎቶውን በተመለከተ፣ የታዋቂ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃድ መጠቀም አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 28 ነው። አንቀጽ 30 ግን ሰውየው ሲሞት፣ የምስሉ መታየት ክብሩን ወይም ስሙን የሚጎዳ ከሆነ፣ የቅርብ ዘመዶቹ እንዲነሳ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሕጉ ሟቹን የማያስታውስ መስሎህ ከነበር፣ እዚህ ጋ ያስታውሰዋል። ፊቱን ሬሳ ሳጥን ላይ ለጥፈህ ከሆነ ይህ አንቀጽ አንተን እየፈለገ ነው። ምስሉን ሳላይ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቄህ ልለፍ። ቀልዱ የሟቹን ብሔር ወይም ሃይማኖት ይነካል? የቀብሩን ሥርዓትስ? ከነካ ጉዳዩ ከአንተና ከቤተሰቡ ያልፋል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሆን ብሎ በብሔር ወይም በሃይማኖት ላይ ጥላቻ የሚያነሳሳን ሰው ይቀጣል። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ይደርሳል። የተከታይህን ቁጥርም አልነገርከኝም። አዋጁ ለኪነ ጥበብ ሥራ የተወው ቦታ አለ፤ የአንተ ፖስት እዚያ ይግባ አይግባ ግን ሳይነበብ አይታወቅም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ሲገደል በተከተሉት ቀናት ስንት ሰው እንደሞተና እንደተፈናቀለ፣ ኢንተርኔቱም ለሳምንታት እንደተዘጋ ታስታውሳለህ። በእኛ አገር የታዋቂ ሰው ሞት ሰሞን የሚጻፍ ነገር ክብሪት ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ድንኳን ሥር በሚያለቅስበት ወሎ ደግሞ ይህን ልነግርህ አይገባም ነበር።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ፖስቱን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከማጥፋትህ በፊት ስክሪንሾት ይዘሃል? ካልያዝክ ከጓደኞችህ ስልክ ፈልግ። ቤተሰቡ መያዙ አይቀርም፤ እነሱ የያዙት ደግሞ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሙሉውን ጽሑፍ ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ በሥሩም አንተ የጻፍካቸውን መልሶች ሁሉ አስቀምጥ። የሰደቡህን መልሰህ ሰድበህ ከሆነ እሱም ይምጣ። ሞባይል ጠጋኝ ስለሆንክ አንድ ነገር በጥብቅ ልበልህ። ስልኩን ፎርማት አታድርግ፣ አትሽጥ፣ ሲሙንም አትጣል። አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ስለሚያዝ ማጥፋትህ አያድንህም። ዳኛ ፊት ግን ማስረጃ ያጠፋ ሰው ያስመስልሃል።

ይቅርታ ጠይቅ፤ ከልብህ እንደሆነም እገምታለሁ። ግን ቪዲዮ እየቀረጽክ አይደለም። «ሚስቱ ገድላዋለች ብዬ የጻፍኩት ለቀልድ ነው» ብሎ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ወሬውን ላልሰማው ሁሉ አሰማው። ሴትየዋ ጋም በቀጥታ አትደውል፣ በሜሴንጀርም አትጻፍላት። ደጋግመህ ስትጽፍ እንደ ማስፈራራት ሊታይ ይችላል፤ ለዚያ ደግሞ በዚያው በኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 13 ውስጥ ሌላ ቅጣት አለ። መንገዱ በጠበቃዋ በኩል ነው። ከጎኑ ደግሞ በሰፈርህ የሚከበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ላክ። አንድ ሼክ፣ አንድ ቄስ ቢሆኑ ይመረጣል። በአገራችን የአበጋሮች፣ የወሎ የዕርቅ ሽማግሌዎች፣ ቃል ደም ያደረቀበት ጊዜ አለ፤ ለፌስቡክ ፖስት አያንስም። ዕርቁ ሲሰምር ግን በቃል እንዳይቀር። እሷ አቤቱታም የካሳ ክስም እንደማታቀርብ የሚገልጽ፣ ምስክሮች የፈረሙበት ወረቀት ይሁን። ያንን ወረቀት ሕግ አዋቂ ሳያየው አትፈርም።

ጠበቃ መቅጠር አቅሜ አይችልም ካልክ ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ሄደህ ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቅ። ስትሄድ ሁሉንም የደብዳቤውን ገጾች፣ ፖስታው ላይ ያለውን ቀን፣ ስክሪንሾቶቹንና መታወቂያህን ይዘህ ሂድ። ደብዳቤው የመልስ ቀን ገደብ ሰጥቶህ ከሆነ ከዚያ ቀን በፊት ይሁን። እኔ የጻፍኩልህ ግማሽ ደብዳቤ አይቼ ነው። ይህን ይዘህ ብቻ ውሳኔ እንዳትወስን፤ ሰነዱን በእጁ ይዞ የሚያነብልህ ሰው ያስፈልግሃል።

ዩቲዩቡን ጠይቀኸኝ ነበር። አትሂድ። ጋዜጠኛው ካሜራ ፊት «ግን እውነት ሚስቱ ናት?» ብሎ ይጠይቅሃል። አንተም ለማሳቅ ወይም ለመከላከል ብለህ አንድ ነገር ትላለህ። ያ ቪዲዮ ደግሞ እንደ ፌስቡኩ ፖስት አንተ በፈለግህ ሰዓት የምታነሳው አይደለም። «ጉዳዩ በሽምግልና ተይዟል፣ አስተያየት መስጠት አልችልም» ብለህ አንድ መስመር ጻፍላቸውና ስልኩን አስቀምጥ።