«የመቃብር ስጋጃ ነው፣ ከቤት አውጪው» አለችኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አማቼ መርከበኛ ነበሩ። ከብዙ ዓመት በፊት ከቱርክ፣ ከኢዝሚር ወደብ፣ ትንሽ ስጋጃ ገዝተው መጡ። እሳቸው ሲያርፉ ለእኛ ደረሰን። ላዩ ላይ ትንንሽ ቤቶችና ቀጫጭን ዛፎች በረድፍ ተደርድረዋል። አናቱ ላይ በዓረብኛ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ጎረቤታችን 1241 ነው ብለው አነበቡልኝ። ሰሞኑን ቡና ልትጠጣ የመጣች ሴት አየችውና ክው አለች። «ይሄ እኮ የመቃብር ስጋጃ ነው፣ ሬሳ የሚሸፈንበት! ከቤት አውጪው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እውነት ነው ወይ? ዕድሜውስ ስንት ይሆናል? ደግሞ ሮዙ ቀለም ላዩ ነጣ ብሏል፤ በኦሞ ባጥበው ይመለሳል?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ተረጋጊ። ስጋጃውን የትም አታውጪው።

እንግዳሽ ግን ከመሬት ተነስታ አላወራችም። ከኢዝሚር ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ ኩላ የሚባል ከተማ አለ። አንቺ እንደጻፍሽው ቤትና ዛፍ የተደረደረበት ስጋጃ የሚታወቀው በዚህ ከተማ ነው። ነጋዴዎች «ሜዛርልክ» ይሉታል፤ በቱርክኛ መቃብር ማለት ነው። ሰበቡ ዛፉ ነው። እኛ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዛፍ ዘመድ ነው፤ ቱርኮች በመቃብር ቦታ ይተክሉታል። ኢስታንቡል ውስጥ ካራጃአህመት የሚባለው ትልቁ መካነ መቃብር በዚሁ ዛፍ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቤቱ መቃብር ተባለ፣ ስጋጃውም የቀብር ሆነ።

ይሄው ዓይነት ስጋጃ ግን ሌላም ስም አለው፤ «ማንዛራሊ» ይባላል። አገር ምድሩ የሚታይበት እንደ ማለት ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው። እስቲ ቤቶቹን ጠጋ ብለሽ እያቸው። በርና ጣሪያ ካላቸው፣ አንዲት ሴት በየቀኑ የምታየውን መንደሯን ነው የሠራችው ብዬ አምናለሁ። ጥዱም ቢሆን ክረምት ከበጋ ስለማይረግፍ የማያልቅ ሕይወት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ምኑ ነው የሚያስፈራው?

ጠርዙንም አትለፊው። ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ካገኘሽ ቱርኮች «ሙስካ» የሚሉት ሊሆን ይችላል፤ የእኛው ክታብ ማለት ነው። እጆቿን ወገቧ ላይ የያዘች ሴት የምትመስል ቅርጽ ካለች ደግሞ እናትነትን ነው የምታሳየው። የዓይን ቅርጽም አለ፣ ከሰው ዓይን ይጠብቃል ይባላል። ስጋጃ ሻጭ እያንዳንዷን ነጥብ ሊተረጉምልሽ ይችላል፤ ሁሉንም አምነሽ አትቀበዪ፤ ብዙዎቹ ሠሪዎች እናታቸው ያሳየቻቸውን ቅርጽ ነው እየደገሙ የሠሩት።

ወደ ዕድሜው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አናቱ ላይ ያለው ቁጥር በሂጅራ፣ ማለትም በእስልምና ዘመን አቆጣጠር፣ የተጻፈ ዓመት ነው፤ 1241 ሂጅራ በፈረንጅ 1825 እና 1826 ላይ ይወድቃል። (የሂጅራውን ዓመት በ0.97 አባዢና 622 ደምሪ፣ ለግምት ይበቃል።) ግን ሮዙ ቀለም ላዩ ነጣ ብሏል ያልሽው አሳሰበኝ። ጠጉሩን በሁለት ጣትሽ ከፈል አድርገሽ ሥሩን እዪው። ሥሩ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ግራጫ ከመሰለ፣ የመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ቀለሞች ጠባይ ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ቀለም ለንደን ውስጥ የተገኘው በ1856 ነው፤ ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ነው ያገኘው። ታዲያ በ1825 የተሠራ ስጋጃ ከየት ያመጣዋል?

ምን ሆኖ ሊሆን ይችላል መሰለሽ? በዓረብኛ አጻጻፍ ሁለትና ሦስት ይመሳሰላሉ፤ ሦስት አንዲት ጥርስ ትበልጣለች። የዚያችን ጥርስ ክር ነቅሎ በዙሪያው ባለው ቀለም የሞላ ሰው ስጋጃውን በአንዴ መቶ ዓመት አስረጀው ማለት ነው። የታወቀ ዘዴ ነው። ስጋጃውን ገልብጪና ከቁጥሩ ጀርባ ያሉትን ቋጠሮዎች እያቸው። አንድ ቦታ ላይ ክሩ አዲስ ከሆነ ወይም ቋጠሮው ከጎረቤቶቹ ካልገጠመ፣ የተጻፈው 1341 ነበር ብዬ እገምታለሁ። ያ 1922 እና 1923 ነው፤ ቱርክ በ1928 ወደ ላቲን ፊደል ከመግባቷ ጥቂት ቀደም ብሎ። እንደዚያም ሆኖ መቶ ዓመት ያለፈው ስጋጃ ነው፣ አትዘኚ።

ኦሞውን ግን እባክሽ ተዪው! የነጣው ቆሻሻ ስላለበት አይደለም፤ ቀለሙ ራሱ ሄዷል፣ በእጥበት አይመለስም። ይልቅ የቀረው ቀይ ወደ ነጩ ሱፍ ይፈስና ያበላሽብሻል። በረኪናማ ጭራሽ አይታሰብም። ነጭ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ አርጥበሽ ቀዩ ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጫኚው፤ ጨርቁ ከቀላ ውኃ አይነካው። አቧራውን ጥላ ውስጥ በቀስታ አራግፊ። ብል የሚወደው የማይነካ ጨለማ ቦታ ስለሆነ፣ ሶፋ ሥር የገባውን ክፍል በየወሩ ገልበጥ እያደረግሽ እዪ። ስታስቀምጪው ጠቅልዪው እንጂ አትጠፊው፤ የታጠፈበት ላይ ድሩ ይሰበራል።

ለንግድ ኢስታንቡል ለምትመላለሱ ደግሞ፦ በቅርስነት የሚመደብ አሮጌ ስጋጃ ከቱርክ ማውጣት ክልክል ነው፤ ሌላው አሮጌ ስጋጃም ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ የሙዚየም ወረቀት ያስፈልገዋል። ሻጩ «ችግር የለም» ቢልም ወረቀቱን ጠይቁ።

እህቴ፣ የቁጥሩን ጀርባ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ያቺን ጥርስ እኔም ማየት እፈልጋለሁ።