ለሥራ ፈተናው የቡና ርክክብ መመዝገቢያ ስትሠሪ

ጥያቄ፦ ጅማ ነው የምኖረው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ለጀማሪ ዌብ ዴቨሎፐርነት አመልክቻለሁ። ለፈተና የቡና ርክክብ መመዝገቢያ ሥሪ ተብያለሁ፤ ዩኒየን፣ ከሥሩ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከዚያ ገበሬ፣ ከገበሬው ሥር ርክክብ። ማረሚያ ገጾቹ ተደበላለቁብኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከገጾቹ አድራሻ (ዩአርኤል) ጀምሪ። ጀማሪዎች የመረጃውን ደረጃ እንዳለ ወደ አድራሻው ይገለብጡና አንድ ርክክብ ለማረም አራት መለያ ቁጥር ያለው ሊንክ ይወጣል። ገበሬው ማኅበር ሲቀይር ያ ሊንክ ይበላሻል። ርክክቡ የራሱ መለያ ካለው «ርክክብ/301/አርም» ይበቃል። ወላጁ አድራሻው ውስጥ የሚገባው ለዝርዝርና ለአዲስ ምዝገባ ነው፦ «ገበሬ/80/ርክክቦች»። የዌብ መሥሪያ ማዕቀፉ የሬይልስ መመሪያም ከአንድ ደረጃ በላይ አትደራርቡ ይላል፤ ሬይልስም፣ ሌላው ማዕቀፍ ላራቬልም አድራሻውን እንዲህ ለማሳጠር «ሻሎው» የሚባል አማራጭ አላቸው።

አጭር አድራሻ ግን አንድ ጣጣ አለው፤ ማንም 301ን 302 ብሎ መሞከር ይችላል። ስለዚህ ርክክቡ በአካውንቱ የገባው ተጠቃሚ ማኅበር ርክክብ መሆኑን ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ጥያቄ ያጣራ። አዝራሩን መደበቅ ጥበቃ አይደለም።

ተጠቃሚው የት እንዳለ የሚነግረው ብሬድክራሙ ነው፦ ዩኒየን › ማኅበር › ገበሬ › ርክክብ። ይህን ከዳታቤዙ የወላጅ ሰንሰለት አውጪው፤ ከየት ገጽ እንደመጣ አትከተዪ። በስልክ ላይ የቅርብ ወላጁ ብቻ ይታይ። የጎን ሜኑ ውስጥ አራቱን ደረጃ አትዘርጊ። እሸት ቡና በሚገባበት ወቅት ሚዛኑ ጋ ሰልፍ አለ፤ መዝጋቢው ከዩኒየን ጀምሮ አይወርድም፣ ገበሬውን በስሙ ይፈልጋል። ስማቸው ከነአባታቸው የሚገጥም ገበሬዎች ስለሚኖሩ ውጤቱ ላይ የአያት ስምና ቀበሌ ጨምሪ።

አሁን ወደ ማረሚያው። የገበሬው ፎርም ውስጥ የርክክብ ፎርም አትክተቺ። ኤችቲኤምኤል ፎርም በፎርም ውስጥ አይፈቅድም፤ ብራውዘሩ የውስጡን መክፈቻ ይተወዋል፣ የውስጡ መዝጊያ ደግሞ የውጪውን ይዘጋል። ያኔ የርክክቡ «ሰርዝ» የገበሬውን ፎርም ይልካል፣ ከሥር ያሉት ሳጥኖችም ሳይላኩ ይቀራሉ። የገበሬው ማረሚያ የገበሬውን መረጃ ብቻ ይያዝ፤ ርክክቦቹ በማሳያ ገጹ በሠንጠረዥ ይቀመጡ፣ እያንዳንዱ የራሱ «አርም» ይኑረው። ለብቻቸው ትርጉም የሌላቸው፣ ለምሳሌ በአንድ ርክክብ ውስጥ የየጆንያው ክብደት፣ ከወላጃቸው ጋር በአንድ ፎርም ቢቀመጡ ግን ትክክል ነው። ከተቀመጠ በኋላ በ303 (ብራውዘሩን ወደ ሌላ ገጽ የሚመራ የሰርቨር ምላሽ) ወደ ገበሬው ገጽ መልሺው፤ ገጹን ሲያድስ ድጋሚ እንዳይመዘገብ።

በጣም የምለምንሽ፣ የማኅበሩን መለያ ርክክቡ ራሱ ላይም አስቀምጪ። ገበሬው ቢዛወር የድሮው ቡና የተመዘነው በድሮው ማኅበር ነው፤ ከገበሬው ብቻ ከተነበበ ያለፈው ሒሳብ ሁሉ አብሮት ይዛወራል። ማዛወርም ከስም ማረሚያው ተለይቶ የራሱ ገጽ ይኑረው። ርክክብ ያለው ገበሬ አይሰረዝ፤ «የቦዘነ» ተብሎ ይቀመጥ፣ ርክክቡን ከገበሬው ጋር የሚያያይዘው የዳታቤዝ ቁልፍ (ፎሪን ኪ) መሰረዝን ይከልክል።

ስታስረክቢ ሊንኩን ከሁለት የተለያዩ ማኅበራት የመዝጋቢ አካውንት ጋር ላኪ፤ ፈታኙ አንዱ የሌላውን ማየት እንደማይችል ራሱ ይፈትሽ። ፍለጋውና የገጽ ክፍፍሉ እንዲታዩ 200 ያህል የሙከራ ገበሬ አስገቢ። ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ አድራሻውን ለምን እንዳሳጠርሽና ማኅበሩን ርክክቡ ላይ ለምን እንደደገምሽ በግማሽ ገጽ ጻፊ፤ በቃለ መጠይቁ የምትጠየቂው ከዚያ ነው። ጊዜ ካጠረሽ የዩኒየኑን ማረሚያ ተዪውና ገበሬና ርክክብን ጨርሺ።