ስለ ክላሲክ ቡዷር ፎቶግራፍ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቡዷር የሚባለውን፣ ሴቶች በመኝታ ክፍል ድባብ የሚነሡትን ፎቶግራፍ፣ ክላሲክ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የልብሱ ዓይነት ነው?

መልስ፦ በእኔ እምነት ከልብሱ ይልቅ የጥላው አጠቃቀም ነው። እኔ የምመለከተው የ1930ዎቹን (እ.ኤ.አ.) የሆሊውድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ሲሆን፣ ከባለሙያዎቹም ጆርጅ ሀረልን አስቀድማለሁ። ተዋናይት ኖርማ ሺረር በጭምትነቷ ብቻ ትታወቅ በነበረበት በ1929 እ.ኤ.አ. ወደ እሱ ሄዳ በቤት ካባ ተነሣች፤ ባለቤቷ ፕሮዲዩሰር ኧርቪንግ ታልበርግ ለአንዲት ደፋር ሴት ሚና አትሆንም የሚለውን ሐሳቡን የቀየረው ፎቶግራፎቹን አይቶ ነው፤ በዚያም ሚና ኦስካር ተሸለመች። ውሳኔው ከመነሻው የራሷ ነበር፤ የዚህ ሥራ መሠረትም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ያለኝ አንድ መስኮት ብቻ ነው። ይበቃኛል?

መልስ፦ በሚገባ ይበቃዎታል። ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት ይምረጡና ስስ ነጭ መጋረጃ ይጋርዱበት። ከአንድ መብራት የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ መስኮት ሰፊ ስለሆነ እንዲህ በፍጥነት ባይደክምም፣ ተነሺዋን ወደ መስኮቱ ካስጠጓትና ግድግዳውን ካራቁት የተዝረከረከው ክፍል በጥላ ይዋጣል። ይሁን እንጂ ጨለማው ሲበዛ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ተታልሎ ፊቷን ከመጠን በላይ ያነጣዋል፤ ስለዚህ ልኬቱን ብርሃን ካረፈበት ጉንጯ ላይ ይውሰዱ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅርጽን የሚሥለው በቆዳው ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ ስለሆነ፣ ፊቷን በጎን ከሚመጣው ብርሃን ጋር ቀስ እያደረጉ ማዞር ብዙ ነገር ይለውጣል።

ጥያቄ፦ የትኛውን ሌንስ ይመክራሉ?

መልስ፦ በሙሉ ፍሬም ካሜራ (የምስል መቀበያው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል በሆነው) ለፊትና ለትከሻ 85፣ ለመላ አካል 50 ሚሊ ሜትር።

ጥያቄ፦ ተነሺዋ ብታፍርስ?

መልስ፦ ማፈሯ ተገቢ ነው፤ ሊከበርላትም ይገባል። ምን እንደሚሸፈን፣ ፎቶግራፎቹን ማን እንደሚያይና የት እንደሚቀመጡ ካሜራው ሳይወጣ በጽሑፍ እንስማማለን፤ ያለ ፈቃዷ አንድም ምስል አይለጠፍም፣ ሐሳቧን ከቀየረችም ሥራው በዚያው ይቆማል። እኅቷን ወይም ጓደኛዋን ይዛ እንድትመጣ እጋብዛለሁ። አቀማመጧን ለማስተካከል በእጄ አልነካትም፤ በራሴ አካል አሳያታለሁ። የምጀምረውም ከፊቷና ከእጇ ነው፤ እጅ ሲፈታ ትከሻም ይፈታልና።

ጥያቄ፦ ነጠላ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ ስስ ሸማ ከኋላው ብርሃን ሲያገኝ እጅግ ያምራል። ሆኖም የነጠላ አለባበስ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ የራሱ ወግ ስላለው፣ ምርጫውን ለእሷ እተዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሪተች (ከተነሣ በኋላ ምስሉን ማስተካከል) ምን ያህል ይደረግ?

መልስ፦ በሀረል ዘመን ኔጋቲቩ ላይ በእርሳስ እየተሠራ ቆዳው እንደ እብነ በረድ ይለሰልስ ነበር። ብርሃኑን እንጂ ይህን አልከተልም። በሁለት ሳምንት የሚጠፋ ብጉር ከምስሉ አስወግዳለሁ፤ የወሊድ ምልክትንና ጠባሳን ግን እሷ ካልጠየቀችኝ አልነካም።