ያለቀውን ሥዕል ሽጡ፣ ያልተሠራውን ግን አትሽጡ

ውድ ወጣት ሠዓሊያን፣

ረጅሙን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በአዲስ አበባ ጋለሪዎች ውስጥ የሌሎችን ሥዕል በመስቀል፣ ዋጋ በመተመን፣ ገዢ በማነጋገርና ሒሳብ በመያዝ ነው። ሠዓሊ ስላልሆንሁ ስለ መስመርና ስለ ቀለም ልመክራችሁ አልደፍርም። የምጽፍላችሁ ሥዕላችሁ ከስቱዲዮ ወጥቶ ዋጋ ከተጻፈበት ሰዓት ጀምሮ በእርሱም በእናንተም ላይ ስለሚደርሰው ነገር ነው። ይልቁንም ያሰብሁት በዓይን የሚታየውን ትተው በምናባቸው የሚመላለሰውን ለሚሥሉት ነው፤ የእነርሱ ገበያ ከሌላው ይለያልና።

የላሊበላን ቤተ ክርስቲያን ወይም የቡና ሥነ ሥርዓትን ሥዕል የሚገዛ ሰው ሥራውን ከሚያውቀው ነገር ጋር አስተያይቶ ይወስናል። የምናብ ሥዕል ገዢ ግን የሚያስተያይበት የለውም። ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ዓለም ወደ ቤቱ የሚያስገባው የሠዓሊውን ዓይን አምኖ ነው፤ የዋጋውም መሠረት ይኸው እምነት ነው።

የመጀመሪያው ሥዕል በጥሩ ዋጋ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ሌላ ገዢ ይመጣና «ልክ እንደዚያኛው አድርገህ ሥራልኝ፤ ሰማያዊው ግን በርከት ይበል፣ ስፋቱም ከሶፋው በላይ ላለው ግድግዳ ይመጥን» ይላል። የቤት ኪራይ ሲደርስ፣ ከውጭ የሚመጣው ሸራና ቀለም በየጊዜው ሲወደድ፣ እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሺ ያለውንም ወጣት አልነቅፍም። ነገር ግን ያ ሥዕል ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ሲሠራ የሚሆነውን ደጋግሜ አይቻለሁ። እጅ ያለ ሐሳብ መሄድ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ሸራ ላይ ሠዓሊውን ራሱን ያስደነገጠው ቅርጽ አሁን እንደ ተሸመደደ ትምህርት ይወጣል። የመጀመሪያው ገዢም አንድ ቀን በሌላ ሰው ሳሎን ውስጥ የራሱን ሥዕል አምሳያ ያይና ዝም ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወደ አውደ ርዕያችሁ አይመጣም፤ ለምን እንደቀረም አይነግራችሁም።

የቁም ሥዕልን በትእዛዝ መሥራት የተከበረ ሙያ ነውና እርሱን አልነካሁም። ከምናባችሁ የሚወጣውን ግን ካለቀ በኋላ ሽጡት እንጂ ገና ሳይወለድ ለማንም ቃል አትግቡበት።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ታላላቆቹ በአንድ ርእስ ዙሪያ ለዓመታት ሲሠሩ ኖረው የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሠዓሊና መምህር ታደሰ መስፍን በየጉልቱ የሚቸረችሩ ሴቶችን እንደ ሕይወት ዓምድ አቁመው ለብዙ ዓመታት ሥለዋል። ሴቶቹ ይመላለሳሉ፤ ሥዕሉ ግን አይደገምም። በአንዱ ሸራ አቋቋማቸው፣ በሌላው በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ፣ በሌላው ደግሞ ወደ ተመልካቹ የሚወረውሩት እይታ ይገንናል። ከእርሳቸው ዘንድ የተማረው ተስፋዬ ኡርጌሳ ደግሞ በጠባብ ክፍል የታጨቁ፣ አካላቸው የተጣመመ፣ ዓይናቸው የሚከተል ሰዎችን ይሥላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በጣልያን በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ አውደ ርዕይ፣ በቬኒስ ቢናሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን የማሳያ ስፍራ ስትከፍት የታየው የእርሱ ሥራ ነበር። መምህሩን እየገለበጠ ቢቀጥል ኖሮ እዚያ ይደርስ ነበር ብዬ አላምንም። ተከታታይ ሥራን ከድግግሞሽ የምለየው በአንድ ነገር ነው፤ አዲሱን ሸራ ስትጀምሩ መጨረሻው ምን እንደሚመስል ከወዲሁ በእርግጠኝነት ካወቃችሁ፣ የምትሠሩት የተሸጠውን ሥዕል ነው።

በዚህ ረገድ የሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያንን ሕይወት በጥሞና እንድታጠኑ እለምናችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሄዶ፣ ቀጥሎም ፓሪስ ለዓመታት ኖረ። በ1963 የፓሪሱ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ብዙም ሳይቆይ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን ገዙ። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሁለት እንዲህ ያሉ ገዢዎችን ያገኘ ሠዓሊ በዚያው መንገድ ዕድሜውን ሙሉ እየሸጠ መኖር አያቅተውም ነበር። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በኋላም አሜሪካ ተሻግሮ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት መምህር ሆነ። ሥራውም ከሸራ ወደ ፍየል ቆዳና ከዛፍ ልጥ ወደሚሠራ ጨርቅ እየተሻገረ መልኩን ለወጠ። ምናቡን የሚመግበው በፓሪስ ያገኛቸው የሱሪያሊስቶች፣ ማለትም ሕልም መሰል ዓለምን የሚሥሉ ሠዓሊያን፣ ሥራ፣ የምዕራብ አፍሪካ ቅርጻ ቅርጽና የአገሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ በተለይም በክታብ ጥቅልል ላይ ለጥበቃና ለፈውስ የሚሣለው ምልክት፣ ጠልሰም፣ ነበር። ምናብ ከምንም አይነሣም። ዛሬ በስልካችሁ ከምታዩት የባሕር ማዶ ሥዕል ይልቅ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገብታችሁ የድሮ ሠዓሊያን ዓይንን እንዴት እንደሣሉ ብትመለከቱ የበለጠ ትጠቀማላችሁ ባይ ነኝ።

ወደ ዋጋ ልመለስ። ዋጋችሁን በስሜት አትተምኑ፤ የወደዳችሁትን አስወድዳችሁ የሰለቻችሁን ብታረክሱ ገዢው ግራ ይጋባል። ብዙ ሰው የሚሠራበት ቀላል ስሌት የሸራውን ቁመትና ወርድ ደምሮ በአንድ ቋሚ ቁጥር ማባዛት ነው። 60 በ80 ሴንቲሜትር የሆነ ሥዕል ድምሩ 140 ነው፤ ማባዣችሁ ለምሳሌ 200 ብር ቢሆን ዋጋው 28,000 ብር ይሆናል። በሁለቱም ጎን እጥፍ የሆነው 120 በ160 ደግሞ 56,000 ብር ይመጣል፤ በካሬ ብታሰሉት ኖሮ አራት እጥፍ ሆኖ ማንም ባልደፈረው። ማባዣው ከስማችሁ ጋር ቀስ እያለ ያድጋል፤ ከፍ ካለ በኋላ ግን መልሶ ማውረድ ቀድመው የገዟችሁን ሰዎች ማስቀየም ነው። ጋለሪ ከሽያጩ ከሲሶ እስከ ግማሽ ሊወስድ ይችላል። ይህ ቢከብዳችሁም በስቱዲዮአችሁ በር በግማሽ ዋጋ እየሸጣችሁ በጋለሪው ግድግዳ ላይ ሙሉውን አትጻፉ፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ወሬውም ፈጥኖ ይደርሳል።

በወረቀት ላይ የሚሠራ ንድፍ ከሸራ ያነሰ ዋጋ ይኑረው፤ ሆኖም እንደ ተረፈ ምርት አትዩት። አንድ ወጣት ሐኪም ወይም መምህር ሥዕል መሰብሰብ የሚጀምረው በንድፍ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ትልቁን ሸራ የሚገዛችሁም እርሱ ነው። እባካችሁ ለእነዚህ ገዢዎች ስትሉ የምትሠሩበትን ቁሳቁስ አክብሩ። በተራ እስክሪብቶ የተሠራ ንድፍ ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል፤ ርካሽ ወረቀትም በውስጡ ካለው አሲድ የተነሣ ቢጫ ይሆናል። ብርሃን የሚቋቋም ቀለምና አሲድ የሌለው ወረቀት ተጠቀሙ፤ የዘይት ቀለም ሥዕልን ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይደርቅ ቫርኒሽ (ሥዕሉን የሚጠብቅ ግልጽ ልባስ) አትቀቡት።

እያንዳንዱ ሥዕል ከእጃችሁ ሳይወጣ በጥሩ ብርሃን ፎቶ ይነሣ፤ ርእሱ፣ ዓመቱ፣ መጠኑ፣ የተሠራበት ቁሳቁስ፣ ዋጋውና የገዢው ስም በመዝገብ ይስፈር። ለገዢው ፊርማችሁ ያለበት የምስክር ወረቀትና ደረሰኝ ስጡት፤ በተለይ በብራና ላይ የተሠራ ከሆነ ከአገር ሲወጣ ጥንታዊ ቅርስ እንዳልሆነ ማስረጃ ሊጠየቅበት ይችላል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥዕል ሥራ የሚጠበቀው በሠዓሊው የሕይወት ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ነው። ገዢው የወሰደው ሸራውን ነው፤ በፖስትካርድ፣ በቲሸርት ወይም በሆቴል ግድግዳ ላይ አባዝቶ ለመጠቀም ከፈለገ ሌላ ስምምነት በጽሑፍ ይደረግ፣ ሌላም ክፍያ ይኑረው።

የመጨረሻው ጉዳይ የንድፍ ደብተራችሁ ነው። ጎብኚ ወደ ስቱዲዮ ሲመጣ ከግድግዳው ይልቅ ደብተሩን የሚያገላብጥ፣ «ይህችን ቅጠል ብቻ ቀደህ ሽጥልኝ» የሚል አይጠፋም፤ ጥያቄውም ያኮራል። ያችን ቅጠል አትስጡት። ገና ያልገባችሁ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሸራ ልትሆን የምትችል ሐሳብ ያለችው እዚያ ነው። ደብተሮቻችሁን በየዓመቱ ቁጥር እየሰጣችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ችግር ጠንቶ መሸጥ ግድ ከሆነባችሁም ሁሉንም ገጽ አስቀድማችሁ ስካን አድርጉና ለአንድ ሰው ሳይበተን ሙሉውን ሽጡ። ያንን ገዢ ለኋለኛ ሥራችሁ ገጾቹን ማየት ብትፈልጉ በሩን እንዲከፍትላችሁ በውሉ ላይ አስፈርሙት።