ጊታር ለምትጫወቱ ወጣቶች፦ ስለ ቲዩብ አምፕሊፋየርና ስለ ዲጂታል ሞዴለር

ውድ ወጣት ጊታሪስቶች፣

ከአርባ ዓመት በላይ በአዲስ አበባ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ድምፃውያንን በጊታር ሳጅብ ኖሬአለሁ። አሁን ከማስተምራቸው ልጆች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ጋሼ፣ ዲጂታል ሞዴለር ልግዛ ወይስ ባለ ቲዩብ አምፕ?» የሚል ነው። አምፕ (አምፕሊፋየር) የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ዕቃ ነው፤ ቲዩብ ይህን የሚሠራበት የብርጭቆ አምፖል መሰል ክፍል ነው፤ ሞዴለር ደግሞ የእነዚህን አምፖች ድምፅ በኮምፒውተር ስሌት አስመስሎ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሞዴለሩን ግዙ። እጃችሁን የሚያሠለጥነው ግን እሱ ብቻ እንዳይሆን እለምናችኋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ልመና ነው።

ሞዴለሩን የምመክረው የምንሠራበትን ሁኔታ ስለማውቀው ነው። መጀመሪያ የያዝኩት ጥሩ አምፕ አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ነበር፤ 22 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር። የተሠራው ለ120 ቮልት በመሆኑ በእኛ አገር 220 ቮልት ለመሥራት ማውረጃ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። አንድ ምሽት ለሥራ ስንዘጋጅ ቸኩዬ ገመዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ቲዩቦቹ ከወትሮው እጅግ ደምቀው በሩ፣ ወዲያው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ መድረኩን ሞላው። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ከልኩ በላይ የሆነ ፊውዝ ስላስገባበት ፊውዙ ሊያድነው አልቻለም። አዲስ ትራንስፎርመር ከውጭ እስኪመጣ ስምንት ወር ጠበቅሁ። ዛሬም ቲዩብ በብዛት የሚመረተው በቻይና፣ በሩሲያና በስሎቫኪያ ስለሆነ አንዱ ሲሞት በማግሥቱ ገበያ ወጥቶ መግዛት አይቻልም። መብራት እየሄደ በጄኔሬተር በሚሠራበት ቤት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይልቅ በቦርሳ የሚያዝ ሞዴለር ይሻላል።

የድምፁም ጥራት ቢሆን እንደ ድሮው የሚናቅ አይደለም። ላይን 6 የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣውን ፖድ የተባለ ሞዴለር ስሞክር ድምፁ አምፕ ይመስል ነበር፣ እጄ ግን የሚነካው ነገር ያጣ ነበር። አሁን ግን ፌንደር ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የዴሉክስ ሪቨርብን ዲጂታል ቅጂ ይሸጣል፤ ኒውራል አምፕ ሞዴለር የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በነፃ ተለቅቆ በላፕቶፕ ይሠራል። «ዲጂታል ይዘገያል» የሚለውንም ስጋት አታጋንኑት። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከአምፑ ሁለት ሜትር ርቆ የቆመ ጊታሪስት ከብዙዎቹ ሞዴለሮች የማያንስ መዘግየት ይሰማል፣ ማንም ግን አማርሮ አያውቅም።

ታዲያ ቲዩቡን ለምን እወቁት እላለሁ? ቲዩብ አየር በሌለው ብርጭቆ ውስጥ የጋለ ብረት ኤሌክትሮን ሲለቅ፣ ከጊታሩ የመጣው ደካማ ሲግናል ያንን ፍሰት እንደ ቧንቧ መክፈቻ እያጠበበና እያሰፋ የሚጎላበት ዕቃ ነው። ሲግናሉ ከአቅሙ ሲያልፍበት ጫፉን በአንዴ አይቆርጠውም፤ ቀስ በቀስ ያዶለዱመዋል። በዚህ ምክንያት ክሩን በዝግታ ስትነኩት ጥርት ያለ፣ ጠንከር ስታደርጉበት ሻከር ያለ ድምፅ ይወጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ የሚወስነው ጣታችሁ ነው። ትዝታ ሳጅብ ድምፃዊው ስንኙን ሲጀምር የጊታሩን ቮሊዩም ወደ አራት ዝቅ አድርጌ ከሥሩ እሄዳለሁ፤ ትንፋሽ ሲሰበስብ በትንሿ ጣቴ ወደ ሰባት ከፍ አድርጌ እመልስለታለሁ። ፔዳል አልረገጥሁም፤ ድምፁ ግን ከሹክሹክታ ወደ እንጉርጉሮ ተሻግሯል።

ጥሩ ሞዴለርም ይህን ያደርጋል። የሚያሳዝነኝ የሚይዙት ልጆች እንዲያደርግ አለመጠየቃቸው ነው። የጊታሩ ቮሊዩም ሁልጊዜ አሥር ላይ ነው፤ ለዜማው አንድ ፕሪሴት (አስቀድሞ ተስተካክሎ የተቀመጠ ድምፅ)፣ ለሶሎው ሌላ ፕሪሴት ይረገጣል፣ በላዩ ላይ ኮምፕረሰሩ ለስላሳውንም ጠንካራውንም ምት እኩል ያደርገዋል። ሁለት መቶ ድምፅ ተይዞ በእያንዳንዱ ውስጥ የሚሰማው የአጨዋወት መጠን ግን አንድ ብቻ ይሆናል።

ሌላው ስህተት ድምፁን መኝታ ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሠርቶ መድረክ ላይ መውጣት ነው። የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙንና ቀጭኑን ክፍል አሳንሶ ስለሚሰማ፣ ቤት ውስጥ ሁለቱንም ትጨምራላችሁ፤ ከድራሙ ጋር እኩል ሲጮህ ወፍራሙ ቤዝ ጊታሩን ያጨናንቃል፣ ቀጭኑ ጆሮ ይበሳል። በልምምድ ላይ፣ ባንዱ እየተጫወተ፣ በመድረክ ድምፅ አስተካክላችሁ አስቀምጡት። ሚክሰር ውስጥ በቀጥታ ስትገቡም የስፒከር ሳጥኑን የሚመስለውን ክፍል አብሩ፤ የጊታር ስፒከር ከ5000 ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ስለሚያስቀር፣ እሱ ሲጠፋ የምትሰሙት የንብ መንጋ ነው። በጊታር አምፕ በኩል ስትጫወቱ ደግሞ አጥፉት፤ አለዚያ ድምፁ በሁለት ስፒከር ውስጥ ያለፈ ያህል ይታፈናል።

ባለ ቲዩብ አምፕ ያለው ሰው ፈልጉና አንድ ከሰዓት እንዲያውሳችሁ ለምኑት። ስፒከሩ ሳይገናኝ አታብሩት፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ከ400 ቮልት በላይ ሊይዝ ስለሚችል ጀርባውን አትክፈቱ። ቲዩቦቹ እስኪሞቁ ጥቂት ጠብቁ። ጠንክራችሁ ስትመቱ ብቻ ሻከር እስኪል ድረስ አምፑን ከፍ አድርጉት፣ ከዚያ ወዲያ ማስተካከያዎቹን አትንኩ፤ አንድ የባቲ ዜማ ይዛችሁ በጣታችሁና በጊታሩ ቮሊዩም ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሂዱበት። ቤት ስትመለሱ ሞዴለሩ ላይ ያንኑ ዓይነት አንድ ድምፅ ሥሩ፣ ኮምፕረሰሩን አጥፉ፣ ያንኑ ዜማ ድገሙት። ለሦስት ወር ሌላ ፕሪሴት አትክፈቱ።